ራስ አሉላ፣ ዶጋሊ እና የከብቱ እልቂት

ሁለተኛ ዓመት እንደገባን አንድ መምህራችን ያልጠበቅነው የቤት ሥራ ሰጠን። ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው አንድ ታዋቂ ሰው መርጠን ሕይወቱን እንድንጽፍ፣ ነገር ግን በጽሑፋችን ውስጥ ከማንም አፍ የተወሰደ ንግግር እንዳናስገባ ነገረን። ያው የጋዜጠኝነት ተማሪ ሐሳብ ሲያጥረው በሰው ንግግር ገጽ መሙላት ይቀናዋል፤ መምህሩ ይህን በር ሊዘጋብን ፈልጎ ይመስለኛል። እኔ ብዙም ሳላስብ ራስ አሉላ እንግዳን መረጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወዳቸው ጀግና ናቸው። ዶጋሊን ጽፌ፣ ዓድዋን አክዬበት፣ በሁለት ቀን እገላገላለሁ ብዬ ነበር።

አልተገላገልኩም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳነብ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። አንደኛው ስለ ራስ አሉላ የሚያወራ ሲሆን፣ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን ድል ሲያደርጉ ምዕራፉን ይዘጋል። ሁለተኛው የሚያወራው ስለ ክፉ ቀን፣ ማለትም ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱን ለአራት አምስት ዓመት ስለመታው ረሃብ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጀምረው ምጽዋ ላይ ከመርከብ በወረዱ የታመሙ ከብቶች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ቢበዛ አንድ ዓመት ቢሆን ነው። ቦታውም ያው ነው፤ ዶጋሊ ከምጽዋ ከአንድ ቀን የእግር መንገድ አይበልጥም። እኔ ግን ሁለቱን የተማርኩት በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ ምዕራፍ፣ እንደማይተዋወቁ ታሪኮች ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የራስ አሉላ ሕይወት ቢሆንም ጦርነት በሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ፣ በሣሩና በከብቱ ላይ ያደረሰውን ጨምሬ ለመከተል ሞክሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው።

አሉላ የተወለደው ተምቤን ውስጥ መነወ በምትባል መንደር፣ ከገበሬው ከእንግዳ ቁቢ ቤት ነው። የመሳፍንት ዘር የለበትም። ይህ በዚያን ዘመን ቀላል ነገር አይደለም፤ ራስነት በአመዛኙ ከአባት ወይም ከጋብቻ የሚመጣ ነበርና። ስለ ልጅነቱ አንድ ተረት መሳይ ነገር ይወራል። እኩዮቹን ሰብስቦ መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ ለሠርግ የተጋገረ ዳቦ በሌማት የተሸከሙ ሰዎች ሲያልፉ ያስቆማቸዋል። ለማን እንደሚወስዱት ሲጠይቃቸው ሰዎቹ በፌዝ ወደ ራስ አሉላ ግቢ እንደሚሄዱ ይነግሩታል። ልጆቹም ከዚያን ቀን ጀምሮ ራስ አሉላ እያሉ ይጠሩት ጀመር ይባላል። እውነትም ይሁን በኋላ የተፈጠረ፣ ታሪኩን የሚያወሩት ሁሉ የሚያወሩት ትንቢቱ ስለ መድረሱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌማቱ ነው። አንድ ወገን ምግብ ተሸክሞ ያልፋል፣ ሌላው ወገን መንገድ ላይ ያስቆመዋል። በኋላ የምናየው ነገር ሁሉ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ልጁ አድጎ መጀመሪያ የራስ አርአያ ድምፁ አሽከር ሆነ። ቀጥሎ የራስ አርአያ የእህት ልጅ የነበሩት ካሣ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የተባሉት፣ ወደ ራሳቸው ወሰዱት። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ሁለት ጊዜ ወደ ደጋው ወጥቶ መጀመሪያ ጉንደት፣ ቀጥሎ ጉራዕ ላይ ሲመታ አሉላ ስማቸው ከተጠራው የጦር መሪዎች አንዱ ሆኑ። ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት ግድ ነው። በ1869 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራስ ብለው መረብ ምላሽን፣ ማለትም ከመረብ ወንዝ ባሻገር ያለውን አገር፣ ሾሟቸው። በፈረስ ስማቸው አባ ነጋ ተባሉ። የራስ አርአያን ልጅ ወይዘሮ አምለሱን በማግባታቸውም የገበሬው ልጅ ከትልቁ ቤት ጋር ተዛመደ።

እዚህ ላይ የዚያ ዘመን ጦር እንዴት ይኖር እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የኋላው አይገባንም። ወታደሩ የወር ደመወዝ የለውም። ስንቁ ያለው በገበሬው ጎተራና በረት ውስጥ ነው። በሰላም ጊዜ ተሰሪ ሆኖ በገበሬው ቤት ይመደባል፤ ገበሬው ያበላዋል፣ በቅሎውንም ያበላለታል። በዘመቻ ጊዜ ደግሞ ባለፈበት ሁሉ ያገኘውን ይወስዳል። አንድ ጦር ሲዘምት ወታደሩ ብቻውን አይሄድም፤ ሚስት አለ፣ ልጅ አለ፣ እንጀራ ጋጋሪ አለ፣ ጠጅ ጣይ አለ፣ አጋሰስና የእርድ ከብት አለ። የሰፈረበት ቦታ ጥቂት ሳምንት ከቆየ ማገዶው ያልቃል፣ ሣሩ ይጋጣል፣ ምንጩ ይደፈርሳል። ከዚያ ሰፈሩ ይነሣል። ገበሬው ግን የሚነሣበት የለውም።

መረብ ምላሽ ይህንን ከአሥር ዓመት በላይ ተሸክሟል። ከግብፆች ጋር፣ ከሐዘጋው ከወልደ ሚካኤል ሰሎሞን ጋር፣ ከደርቡሾች ጋር፣ በመጨረሻም ከጣሊያኖች ጋር። ራስ አሉላ ጨካኝ ገዥ ነበሩ ወይስ ፍትሐዊ በሚለው ላይ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ ንግድን መጠበቃቸውንና ሽፍታን ማጥፋታቸውን የሚያደንቁ አሉ፣ ግብራቸውንና ቅጣታቸውን የሚያማርሩም አሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። አሥመራን ከጥቂት መንደሮች አንስተው መቀመጫቸው ያደረጓት እሳቸው ናቸው፤ በሳቸው ጊዜ ገበያዋ ደርቶ ነጋዴ ከምጽዋ እየወጣ ይገባባት ነበር። እኔ ግን ጀግናዬ ስለሆኑ ብቻ የሠራዊታቸውን ቀለብ ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። ያው ከገበሬው ነው፤ ከእንደ አባታቸው ዓይነቱ ገበሬ።

ወደ ጣሊያን ጉዳይ ልምጣ። በ1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ውል ተፈረመ። ኢትዮጵያ በሱዳን ድንበር በደርቡሽ ለተከበቡት የግብፅ ወታደሮች መውጫ እንድትሰጥ፣ በምትኩ ቦጎስ እንዲመለስላትና ምጽዋ ላይ ዕቃዋ በነፃ እንዲያልፍ ነበር ስምምነቱ። ራስ አሉላ የድርሻቸውን ፈጸሙ፤ በ1878 ዓ.ም. መስከረም ኩፊት ላይ ከደርቡሽ ጦር ጋር ብዙ ሰው ያለቀበት ውጊያ ተዋግተው አሸነፉ። እንግሊዝ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1877 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ምጽዋን ስትይዝ ዝም ብላለች። በሩ ከግብፅ እጅ ወጥቶ ለባሰ ጠላት ተሰጠ። ጣሊያኖች ከምጽዋ ወደ ውስጥ ገፍተው ሰሐጢ ላይ ምሽግ ሠሩ። ራስ አሉላ ውጡ ብለው ላኩ፤ አልወጡም። በጥር 1879 ዓ.ም. ምሽጉን ገጠሙ፤ መድፍና ጠመንጃ ስለነበረበት ሰው አስጨርሰው ተመለሱ። በማግስቱ ግን ለምሽጉ እርዳታ ይዞ የሚመጣውን በኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራ ከ500 በላይ ወታደር ዶጋሊ ላይ ጠብቀው ከበቡት። ከሞት የተረፉት ጥቂት ቁስለኞች ናቸው።

ሮም ውስጥ ከትልቁ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። በዶጋሊ ለሞቱት የተሰጠ ስም ነው። ከዚያ ጦርነት በኋላ ስለሞቱት ሌሎች ሰዎች ግን፣ እዚያም እዚህም፣ አደባባይ አላየሁም።

የዶጋሊ ዜና ሮም ሲደርስ ሕዝቡ በቁጣ ጎዳና ወጣ። መንግሥት ተናወጠ፤ ፓርላማው ለበቀል ገንዘብ ፈቀደ። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በጄኔራል ሳን ማርዛኖ የሚመራ ወደ 20,000 የሚጠጋ ጦር ምጽዋ ገባ። ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ 27 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ በዚያ ምድር የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ 20,000 ሰው ይበላል። ምጽዋ ደግሞ በረሃ ናት፤ ከደጋው የሚወርደው እህልና ከብት በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጧል። የጣሊያን ጦር እንደኛ ጦር ገበሬ ቤት አይመደብም፣ በመርከብ ይቀለባል። ስለዚህ የእርድ ከብት ከባሕር ማዶ መጣ። አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚስማሙበት ከነዚያ ከብቶች መካከል ከህንድ የመጡት በሽታ ይዘው ነበር።

በሽታው በአማርኛ ደስታ ይባላል። በትግርኛ ጉልሃይ ይሉታል። ለዚህን ያህል ክፉ ነገር ደስታ የሚል ስም መሰጠቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በቫይረስ የሚመጣ፣ ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳትን የሚይዝ በሽታ ነው። ከብቱ ያተኩሰዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይዘንባል፣ አፉ ውስጥ ይቆስላል፣ ከዚያ ያስቀምጠዋል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። የዳነው ዕድሜ ልኩን አይያዝም። ህንድ ውስጥ በሽታው የቆየ ስለሆነ ከብቱ ከበሽታው ጋር ተላምዶ ይኖራል። የኛ ከብት ግን አይቶት አያውቅም፤ ስለዚህ ሲደርስበት እንደ እሳት በላው። ከኢትዮጵያ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ ተብሎ ይገመታል። ጎሽና አጋዘንም ሞተዋል። እዚህም አልቆመም፤ ወደ ደቡብ እየወረደ የማሳይን ከብት ጨርሶ አሥር ዓመት ሳይሞላ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ከብቱ ባለቀበት በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ የግጦሽ ሜዳ ቁጥቋጦ ወርሶት ቆላ ዝንብ እንደገባበትም ተጽፏል። ምጽዋ ላይ የወረደው መንጋ ያደረሰው ይህን ያህል ነው።

ከተማ ያደጉ ጓደኞቼ ይህን ሳወራላቸው የሥጋና የወተት እጥረት ይመስላቸዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ የበሬ ጉዳይ ነው። አባቴ ወሎ ውስጥ ገበሬ ነው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ገደል ገብቶ ሞተ። ያን ዓመት አባቴ እንደሱ አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ገባ፤ ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው አንድ ቀን የኛን፣ አንድ ቀን የጎረቤቱን ያርሳሉ። ጎረቤት የቀደመ ዕለት ዝናቡ ያመልጣል። የኛ ማሳ ዘግይቶ ተዘራ፤ ያን ዓመት ቤታችን ውስጥ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ይህ አንድ በሬ ነው። አሁን ከአሥር በሬ ዘጠኙ የሞተበትን መንደር አስቡት። መቀናጆ የሚገባ ጎረቤት የለም። እህል ቢኖርም የሚያበራይ፣ ጭነትም የሚያደርስ የለም። የደጋው መሬት በእጅ የማይነካ፣ በማረሻ የተለመደ መሬት ነው።

በሽታውን ወደ አራቱም ማዕዘን ያደረሰው ደግሞ የጦሩ እንቅስቃሴ ራሱ መሆኑ የማይቀር ነው። ጦር ሲሄድ ከብት እየነዳ ነው የሚሄደው። 1880 እና 1881 ዓ.ም. ደግሞ አገሩ በሙሉ በጦር የሚታመስበት ጊዜ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አቃጠሏት። በመጋቢት አፄ ዮሐንስ ከ80,000 በላይ እንደሚሆን የሚገመት ሠራዊት ይዘው ሰሐጢ ፊት ለፊት ሰፈሩ፤ ራስ አሉላም አብረው ነበሩ። ጣሊያን ከምሽጉ አልወጣም። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ደረቅ ቆላ ላይ ምን ይበላል፣ ምን ይጠጣል? ስንቅ አለቀ፤ ከኋላም የደርቡሽ ወሬ፣ የሸዋና የጎጃም መሸፈት ዜና መጣ። ሳይዋጉ ተመለሱ። የዶጋሊን ያህል ጥይት ሳይተኮስ ትልቁ ሠራዊት በረሃብና በጥማት ተመለሰ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀጥለው ጎጃምን ስለ አመፁ ቀጡ፤ የጎጃም ገበሬ ቤቱም ማሳውም ጠፋ። ከዚያ ወደ መተማ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደርቡሾችን ሊያሸንፉ ሲሉ በጥይት ተመተው ወደቁ። ራስ አሉላ በአንድ ቀን ጌታቸውንም፣ ከጀርባቸው የነበረውን መንግሥትም አጡ።

ራስ አሉላ ከመተማ ሲመለሱ አሥመራ የሚገቡበት መንገድ አልነበረም። ጣሊያኖች በ1881 ዓ.ም. ክረምት ያለ ብዙ ውጊያ ወደ ደጋው ወጥተው አሥመራን ያዙ። በ1882 ዓ.ም. ታኅሣሥ ኤርትራ ብለው ስም አወጡላት። መጻሕፍቱ ጣሊያን በቀላሉ የወጣው የአፄ ዮሐንስ መሞት ክፍተት ስለፈጠረ ነው ይላሉ፤ ትክክል ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አሥር ዓመት ጦር የቀለበ፣ ከብቱ ያለቀ፣ ዝናብ የከዳው፣ ከዚያም አንበጣና ተምች የመጣበት አገር የሚያስተናግደው ጦር ይኖረዋል? ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን የጨረሰው የአሉላ ሠራዊት ከሐማሴን ገበሬ ጎተራ ይበላ ነበር። ጎተራው ባዶ ሲሆን ጦሩም አብሮ ባዶ ሆነ። ጣሊያን ዶጋሊ ላይ በጠመንጃ ያጣውን ሳያውቀው በከብቶቹ አገኘው ማለት ይቻላል። ሆን ብሎ ያደረገው ነው አልልም፤ ለዚህ ማስረጃ የለም፣ ቢኖርም ኖሮ ነገሩ ለገበሬው ምንም ለውጥ አያመጣለትም ነበር።

ስለ ክፉ ቀን ብዙ ተጽፏልና አላበዛም። ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚሉ አሉ፤ ቆጠራ ያልነበረበት ጊዜ ስለሆነ ግምት ነው። ሰው ሥራ ሥር፣ ቆዳ፣ የሞተ ከብት በልቷል። ጅብና አንበሳ ሰው እየለመዱ መንደር ገብተዋል። በሸዋ ንጉሥ፣ ከ1882 ዓ.ም. ወዲህ ንጉሠ ነገሥት፣ የነበሩት ምኒልክ መኳንንቱ እጅ ሥራ የሚንቁ መሆናቸውን ስለሚያውቁ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ ሕዝቡም ያለ በሬ እንዲቆፍር በዚህ አበረታቱ። በ1883 ዓ.ም. የጣሊያን መርማሪ ቡድን አባል ሆኖ ምጽዋ የመጣው ፈርዲናንዶ ማርቲኒ፣ በኋላ የኤርትራ ገዥ የሆነው፣ በከተማዋ ዳርቻ በረሃብ የሚያልቁ ሰዎች አይቶ በመጽሐፉ ጽፏል። እነዚያ ሰዎች ከደጋው የወረዱት እህል በመርከብ ይመጣል ብለው ነው። ወደዚያችው ከብቶቹ ወደወረዱባት ወደብ።

ራስ አሉላ እነዚህን ዓመታት ያሳለፉት ትግራይ ውስጥ ከራስ መንገሻ ዮሐንስ ጋር ነው። ይህ የሕይወታቸው ክፍል በመጽሐፍ ውስጥ አሰልቺ ነው፤ ማን ከማን ጋር ታረቀ፣ ማን ማንን ከዳ የሚል ነገር። ስለዚህ እኔም በፍጥነት አልፈዋለሁ። ባጭሩ፣ ትግራይ ጎረቤት ገዥዎች በባዶ ጎተራ ላይ የሚጣሉባት አገር ሆና ነበር። በ1884 ዓ.ም. ራስ መንገሻ ከጣሊያኖች ጋር መረብ ላይ ተማማሉ። ያች ወንዝ አሉላ ይሻገሩባት የነበረች ናት፤ አሁን ድንበር ሆነች። ቃል ኪዳኑም ፈረሰ፤ በ1886 ዓ.ም. ራስ መንገሻና ራስ አሉላ አዲስ አበባ ወርደው ለአፄ ምኒልክ ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን የዮሐንስ ሰው የነበሩ ሰው ለሸዋ ንጉሥ ድንጋይ ተሸክመው ሲገቡ ምን እንደተሰማቸው መገመት ነው እንጂ ማወቅ አይቻልም።

ከመረብ ማዶ ደግሞ ረሃቡ ሌላ ነገር ወለደ። ገበሬው ሞቶ ወይም ተሰዶ ጠፍ የሆነውን መሬት ጣሊያኖች ባለቤት የሌለው አድርገው አዩት። ባላገሩ ርስቴ ይላል፤ ጣሊያን ባዶ ነው ይላል። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሰፋሪ ጣሊያናውያን ገበሬዎችን ለማምጣት መሬቱን መውሰድ ጀመሩ። ቀድሞ የጣሊያን ወዳጅ የነበሩት የአካለ ጉዛዩ ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ተነሥተው የሞቱት ከዚህ የተነሣ ነው። የዓድዋ ጦርነት በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ የሳቸው አመፅ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። መሬቱ ለምን ባዶ ሆኖ እንደተገኘ ግን የተማረ ካለ ከክፍላችን እጁን ያንሣ።

ዓድዋን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ከቀለብ አንጻር ብቻ አነሣዋለሁ። በ1888 ዓ.ም. የካቲት ሁለቱ ጦሮች ዓድዋ አካባቢ ለሳምንታት ተፋጠው ቆዩ። ከመቶ ሺህ በላይ እንደነበር የሚገመተው የአፄ ምኒልክ ሠራዊት ከክፉ ቀን ገና ያላገገመችውን ትግራይን በልቶ ጨርሷል። ጄኔራል ባራቲዬሪም ስንቁ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። እያንዳንዳቸው ሌላው ርቦት ይበተናል ብለው ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ ባራቲዬሪ ወይ ማፈግፈግ ወይ መግጠም ሲሆንበት የካቲት 22 ለ23 ሌሊት ተንቀሳቀሰ፤ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ራስ አሉላ ዓድዋ ላይ ተዋግተው ድሉን አዩ። ከዚያ በኋላ ጣሊያንን እስከ ባሕር ድረስ መከተል ይፈልጉ እንደነበር ይነገራል። አሥመራ የሳቸው ነበረች፤ ለምን አይፈልጉ? አፄ ምኒልክ ግን ተመለሱ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፣ ፖለቲካም አለበት፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ሠራዊቱን የሚቀልብ አገር ከፊት አለመኖሩ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት በሬው የሞተበት ማሳ ዛሬም ድንበር ይወስን ነበር።

አሟሟታቸው ለእንደሳቸው ዓይነት ሰው አይመጥንም ብዬ ለረጅም ጊዜ አዝኜ ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ የገዛ አገራቸው ተምቤን ገዥ ከነበሩት ከራስ ሐጎስ ጋር ተጣልተው ተዋጉ። ራስ ሐጎስ ሞቱ፣ ራስ አሉላ ቆሰሉ። በየካቲት 1889 ዓ.ም. በቁስሉ አረፉ፤ ዓድዋ አጠገብ አባ ገሪማ ገዳም ተቀበሩ። ግብፅ፣ ደርቡሽ፣ ጣሊያን ያልገደላቸውን ሰው በጎረቤት ጥይት ሞቱ። የመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል።

ይህን ጽሑፍ አስረክቤ መምህሩ ሲመልስልኝ ስለ ራስ አሉላ ከጻፍኩት ይልቅ ስለ በሬ የጻፍኩት እንደሚበዛ ኅዳጉ ላይ ጽፎ ነበር። ትክክል ነው፤ ጥቂት አስተካክዬዋለሁ፣ ብዙውን ግን ትቼዋለሁ።

የደስታ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ጨርሶ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ለበዓል ቤት ስሄድ አባቴን ስለዚህ ጠየቅኩት። ልጅ ሆኖ የመንግሥት ሰዎች ከብት ሰብስበው ሲከትቡ ያስታውሳል፤ ከብቶቹን አንድ ላይ ነድቶ ወንዝ ዳር የወሰዳቸው እሱ ነበር። ክትባት ያልነበረ ጊዜ ስንት ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። ከአሥሩ ዘጠኙ አልኩት። እየቆጠረ ይመስል ትንሽ ዝም አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ስለ ዶጋሊም ስለ ጣሊያንም አልነበረም፤ በምን አረሱ ነው ያለኝ። ስለ ዶማው ነገርኩት። በዶማ ስንት ጥማድ ይቆፈራል ብሎ ተነሥቶ በሬዎቹን ሊያይ ወጣ።